ያጠፋሁት ድምፅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን፣ በጎረቤት መቆጣቴን ስዘረዝር ኖሬ ይህችን አንዷን ግን ደብቄ ይዣት እመለሳለሁ። አሰላ ውስጥ «የሰው ልጅ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች» የሚሏት መምህርት እኔ ነኝ። እንዲህ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። በእነሱ አይደለም፣ በራሴ ነው።

የሀዊ እናት ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ ገበያ ወጥታ ቅቤ የምትሸጥ የሮቤ ሴት ነበረች። ባሏ ቀድሟት ሞቷል። እሷም ታማ ስታርፍ ሀዊ ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ከዲጃ የምትባል የእናቷ ታላቅ እህት ከአገራቸው ሽማግሌዎች ጋር መጣች። እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ ደመወዝ አለኝ፣ ትምህርት ቤቱም ደጃፌ ነው። ልጅቷ ከእኔ ጋር ትደግ ተባለ። ከዲጃ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። «ቋንቋዋን አታስጥያት። የማን ልጅ እንደሆነች ትወቅ።» በኦሮምኛ ነው ያለችኝ፤ እኔም በኦሮምኛ ማልኩላት። ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ቢሆኑም እኔ አሰላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻዬ ነው የማውቀው። ይህን ልብ በሉልኝ። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ከዲጃ ራሷ እየመጣች ትጠይቃት ነበር። በኋላ ጉልበቷ ሲይዛት ድምፅዋን መላክ ጀመረች። ልጇ በስልኩ ይቀዳላትና ሚሞሪ ላይ ገልብጦ ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል፣ እኔ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። የመጀመሪያውን ከሀዊ ጋር አብረን ሰማነው። ከዲጃ «ኢንተላኮ» ብላ ጀመረች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ እናቷ ስታስተኛት ታዜምላት የነበረውን እሹሩሩ አዜመችላት። ሀዊ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ቁርሷን ገፋ አደረገችና «ቤቴ ውሰጂኝ» አለችኝ።

ቤቴ አለች። ታዲያ የእኔ ምን ነበር?

ሁለተኛው ሲመጣ ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ሰማሁት። ሰምቼም አጠፋሁት። ሦስተኛውንም አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ እየሰማሁ አጠፋሁት። ሳልሰማ ባጠፋው እንኳ ምናልባት ይሻል ነበር። የሀዊ እናት በልጅነቷ የአባቷን ፈረስ ሳታስፈቅድ ጋልባ ወንዝ ውስጥ እንዴት እንደወደቀች ከዲጃ ስታወራ በሳቅ ሞትኩ። የልጅቷን ድርሻ እኔ በላሁት። ባዶውን ሚሞሪ ለሾፌሩ ስመልስ «ሰምታዋለች፣ ደስ ብሏታል በልልኝ» እለዋለሁ። ሀዊ ስትጠይቀኝ ደግሞ ምን እላት ነበር? «ረስታሻለች መሰለኝ።» የስድስት ዓመት ሕፃን እንዲህ ይባላል? እኔ ብያለሁ። ለእሷ ብዬ ነው፣ እንዳትረበሽብኝ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ቅናት ነው። ከኔ ሌላ እናት እንድታስብ አልፈለግሁም።

የመጨረሻው ድምፅ ለእኔ የተላከ ነበር። «መምህርት፣ የምትሰሚኝ አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ» አለች ከዲጃ። «ልጅ ቢሰማ አንድ ቀን ይመልስ ነበር። አስቀይሜሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ እክሳለሁ። ይችን ብቻ አሰሚያት።» ከዚያ ያንኑ እሹሩሩ እንደገና አዜመች፤ ድምፅዋ ደክሟል። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያስ? አጠፋሁት። ብዙም ሳይቆይ መሞቷን ሰማሁ። ሀዊን ፈተና ደርሶባታል ብዬ ለቅሶ አልወሰድኳትም፤ መሞቷንም የነገርኳት ፈተናው ካለቀ በኋላ ነው።

ሀዊ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ብቻዋን ሮቤ ሄደች። ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። የአባቶቿን ስም እስከ ሰባት ቤት መቁጠር እዚያ ተማረች፤ ስትሳሳት ሕፃናቱ እየሳቁ ያርሟት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የከዲጃ ልጅ የተላከውን ድምፅም ባዶውን የተመለሰውን ሚሞሪም፣ ሁሉንም ነግሯታል። ስልኩ እየሞላበት ቅጂውን እሱም አላስቀረም፤ «አንቺ ጋ አለ ብዬ ነው» ብሏታል።

«እማ፣ ሰምተሻቸው ነው ያጠፋሻቸው?»

«ሰምቼ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ በተሻለኝ። ደብተር አወጣችና «እንግዲያው የምታስታውሺውን ንገሪኝ» አለች። የፈረሱን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። እሹሩሩውን ጠየቀችኝ። ዜማው መጣልኝ። ከቃሉ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው ያገኘሁት፤ የቀረውን ስፈልግ ስፈልግ ራሴን በጥፊ መታሁት። እጄን ያዘችኝ። ያልመጣልኝን ቦታ ክፍት እየተወች ጻፈች። ከገጹ የሚበዛው ክፍት ነበር።

አሁን ሮቤ የአክስቷ ልጅ ቤት ናት። እናቷን የሚያውቁ አሮጊቶችን እየዞረች ትጠይቃለች። እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች፣ የምናወራውም በኦሮምኛ ነው። ስትሳሳት አላርማትም። ምን አፍ አለኝና?

ይቅር በይኝ አላልኳትም። ብላት እሺ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ልጅቷን አሳድጌያታለሁ፣ አንጀቷ እንደማይችል አውቃለሁ። እሺ ካለች በኋላ ግን ልትቆጣኝ አትችልም። ቁጣዋ የእሷ ነው፣ እሱንም አልወስድባትም። እናንተም የምታነቡ፣ አሳድጋታለች፣ አስተምራታለች ብላችሁ ሚዛን ላይ አታስቀምጡልኝ። «አይዞሽ» እንዳትሉኝ።