የሰይቼንቶዋ ቀለም

ባለቤቴ ሲያርፍ ልብሱን ለመስጠትም ሆነ አልጋውን ለማንሳት አልተቸገርኩም። ያስቸገረችኝ መኪናዋ ናት።

ኦስሎ፣ አመሩድ በሚባለው ሰፈር፣ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ባለው ጋራዥ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነበር የምትቆመው። የእኛ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው ሰይቼንቶ የሚላት ትንሽዋ የጣልያን መኪና ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ባለቤቴ በወጣትነቱ የአጎቱን ሰይቼንቶ ታክሲ ይነዳ ነበር። የተዋወቅነውም እኔ ተማሪ ሳለሁ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሳፈር ነው። መጀመሪያ ያለኝ ቃል፣ "እህት፣ በሩን ከፍ አድርገሽ ሳቢው፤ እንዲሁ አይዘጋም" የሚል ነበር። የበሩ ማጠፊያ ወርዶ ነበር።

ኦስሎ ውስጥ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ከከተማ ርቆ ከአንድ ገበሬ መጋዘን ያቺኑ ዓይነት መኪና አግኝቶ አስጎትቶ አመጣት። ጎማዎቿ ተኝተው፣ ወንበሯን አይጥ በልቶት ነበር። ጠዋት ቁርሱን ይበላና ይወርዳል፤ ለምሳ እጁን በግሪስ አጥቁሮ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ሻይ በፔርሙስ ይዤለት እወርድና ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲሠራ አየዋለሁ። የዚችም በር የወረደ ነበር። ሌላውን ሁሉ ሲጠግን እሱን ተወው። ለምን እንደተወው ስጠይቀው፣ "እሱ ከተጠገነማ ሌላ መኪና ትሆናለች" አለኝ።

በመጨረሻ ቀለም ቀባት። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ አደረጋት።

በበጋ፣ ረቡዕ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ኦከርን በሚባለው ሰፈር፣ በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ የድሮ መኪና ወዳጆች ይሰበሰባሉ። ኖርዌያውያኑ ቬተራንቢል የሚሏቸውን መኪኖች አጥበውና አብለጭልጨው ያመጣሉ። ባለቤቴም ሰይቼንቶዋን ይዞ ይሄዳል። ሮመን የሚባል ሰፈር የሚኖር የአሥመራ ሰው ወዳጁ አለ፤ ጡረታ እስኪወጣ መካኒክ ነበር። ሁለቱ የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው። ጀርባቸውን ለመግቢያው ሰጥተው ይቀመጡና፣ የሚገባውን መኪና ሳያዩ በሞተሩ ድምፅ ብቻ ይለዩታል።

አንድ ቀን አብሬ ሄጄ ሰምቻቸዋለሁ።

"ፔጆ ናት" አለ ባለቤቴ። "አራት መቶ አራት።"

"አንተ ሰውዬ፣ የከተማው ኮሙን ጆሮህን ያስመርምርልህ። ኦፔል ናት እንጂ።"

ዞር ብለው አዩ። ኦፔል ነበረች።

"አሥመራ ያላደገ ሰው መኪና አውቃለሁ ሲል!" አለ ወዳጁ።

"አንተማ የምታውቀው ብስክሌት ነው። ፔዳል የሌለው ነገር ሲመጣ ትደነግጣለህ።"

ወዳጁ እስኪያስለው ሳቀ። አጠገባቸው የነበሩት ኖርዌያውያን ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ኋላ ሰዎች ሰይቼንቶዋን ከበቡና እኔን ከውስጥ አስቀምጠው ፎቶ ሊያነሱ ፈለጉ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። እሱ ግን በየሳምንቱ ቁልፉን እያሽከረከረ በር ላይ ይቆምና፣ "ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው!" ይለኛል። "ሂድ እንግዲህ፣ ይሞላልሃል" እለዋለሁ። ይሄዳል። እኔ በመስኮት ሆኜ ሰማያዊዋ ከጋራዡ ወጥታ እስክትታጠፍ አያለሁ። ማየቴን አላወቀም ይሆናል።

እሱ ካረፈ በኋላ ቦረትስላጉ፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር፣ ጋራዡን ለኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ሊያድሰው ስለሆነ የማይነዱ መኪኖች ይነሡ ተባለ። እኔ መንዳት አልችልም። ልጄን አማከርኳት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛዋ መሀል የኖርዌይኛ አይና አዎ ትቀላቅላለች።

"ናይ ማማ፣ እኔ ጋ ቦታ የለም። ሽጪያት፣ ያ? አባባ እኮ ቆማ እንድትዝግ አይፈልግም።"

ልክ ነበረች።

የሮመኑ ወዳጃችን ገዥ ይዞልኝ መጣ። ኦከርን ወዳለው ሜዳ የሚመጣ፣ ባለቤቴንም የሚያውቅ ረጅም ኖርዌያዊ ሽማግሌ ነው። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ሥሯ ገብቶ ተኛ፤ ጎኗን በጣቱ እያንኳኳ አዳመጠ። በሯን ሲከፍት ፊቱ በራ።

"ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው። ከመጀመሪያዎቹ ናት። በዚህ አገር እንዲህ ያለች አሁን አትገኝም።"

ከዚያ የበሩን ጠርዝ ጎማ በጥንቃቄ ገልጦ ጠራኝ። ሰማያዊው ያልደረሰበት ቦታ ላይ ግራጫ የሚመስል ደብዛዛ አረንጓዴ ነበር።

"ይህ የፋብሪካዋ ቀለም ነው" አለኝ። "እኔ ብወስዳት ወደዚህ ነው የምመልሳት። ግን ባልሽ በእጁ የሠራው ነው። እንዳለች ትቆይ ካልሽ ቀለሙን አልነካውም። ምን ትያለሽ?"

"እንደፈለግህ" አልኩት።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው መልስ መልስ አይደለም። እንግዳ "በልቻለሁ" ሲል ማንም ሰው ማዕድ አያነሳም፤ "በሞቴ" ይባላል፣ እንደገና ይጠየቃል፣ ያን ጊዜ ነው ሰው የልቡን የሚናገረው። ሰውየው ደግሞ እንዲጠይቀኝ ቆሜ ጠበቅሁ። እሱ ግን የኖርዌይ ሰው ነው፤ ያልኩትን እንዳልኩት ያዘው። አመስግኖ እጄን ጨበጠኝ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን አላውቅም አልልም። አውቅ ነበር። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ።

ወዳጃችን አየት አደረገኝ። "ሓፍተይ" አለኝ፤ በቋንቋው እህቴ ሲለኝ ነው። "እርግጠኛ ነሽ? ቀለሙ ይነሣ?"

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ ይኸው መጥቶልኝ ነበር።

"ምን ችግር አለው፤ መኪና እኮ ናት" አልኩ።

በተጎታች ላይ ጭኖ ወሰዳት። በረዶ በጣለባቸው ወራት ሁሉ የሰውየው ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ነበር። ደውዬ "ቀለሙን ተወው" ብለው ይተወው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ሥራ ይዞ ይሆናል እላለሁ፤ ሌላ ቀን ጀምሮት ይሆናል እላለሁ። በረዶው ሲቀልጥ ሳልደውል ቁጥሩን ከማቀዝቀዣው ላይ አነሣሁት።

በበጋ ወዳጃችን ሊወስደኝ መጣ። እንቢ አላልኩም። ለመግቢያው ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን፤ የባለቤቴን ቦታ ለኔ ለቀቀልኝ። መኪኖች ገቡ። እሱ ስማቸውን ይጠራል፣ ዞር ብለን እናያለን፣ ልክ ነው። የሚሰድበው ሰው ስለሌለ ጨዋታው ቀዝቅዞ ነበር። አንዷ ስትገባ ግን ቀና ብሎ አዳመጠ። ቀጭን፣ እንደ ስፌት መኪና የሚርገበገብ ድምፅ ነው። እኔም ለየሁት።

"የኛ ናት" አለ፤ ሳይዞር።

ዞር ስንል አረንጓዴ መኪና ቆማለች። ሰዎች ወዲያው ከበቧት። ዓመቷን ይገምታሉ፣ በሯን ያደንቃሉ፤ አንዱ ሴት አያቱ እንዲህ ያለች እንደነበረቻት ይናገራል። ስለ ሰማያዊው ያነሣ የለም። ወዳጃችን ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ረጅሙ ሰውዬ አይቶኝ በደስታ መጣ። ሜዳውን አንድ ዙር እንድንዞር ጋበዘኝ፤ በመጀመሪያው ግብዣ ገባሁ። ደግሞ እስክጠየቅ አልጠበቅሁም። ተቀምጬ የበሩን ጠርዝ፣ የማጠፊያውን ሥር፣ የጎማውን ውስጥ አየሁ። አንድ ቦታ እንኳ ትንሽ ሰማያዊ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው። ሰውየው ሥራ አዋቂ ነው፤ ምንም አላስቀረም።

ከዚያ በሩን ያዝኩና ከፍ አድርጌ ሳብኩት። ከላይ ካለው ብረት ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ።

"አያስፈልግም" አለኝ ሰውዬው፣ ፈገግ ብሎ። "ማጠፊያውን ቀይሬዋለሁ። እንዲሁ ሳቢው።"

እንዲሁ ሳብኩት። ተዘጋ።