የወንድሜ ላንድሮቨር

ላንድሮቨሩ መካኒሳ ግቢያችን የገባው በበሬ ተጎትቶ ነው። ወንድሜ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲገዛው ሞተሩ አይነሳም፤ ጎማዎቹም ተንፍሰው ነበር። አንድ የጭነት መኪና እስከ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጎትቶ አመጣው። ጭቃው ሲጀምር ግን ሾፌሩ "ከዚህ ካለፍኩ እኔም አልወጣ" ብሎ ገመዱን ፈትቶ ተመለሰ። ያኔ ሰፈራችን ከከተማ ይልቅ ወደ ገጠር ያደላ ስለነበር በሬ ያለው ጎረቤት አልጠፋም። አባታችን በረንዳ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣

"ሰው መኪና የሚገዛው እንዲሸከመው ነው፤ አንተ ተሸክመኸው መጣህ" አሉት።

ወንድሜ ሳቀ። የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ሰማያዊ ቱታውን ያጠልቅና መኪናው ሥር ይገባል። አባታችን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ እጅጌያቸው ላይ የቀለም ነጠብጣብ እንኳ የማይወዱ ሰው ናቸው። የልጃቸው ጥፍር ውስጥ የገባው ግሪስ ያሳፍራቸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ "እጅህን ደብቅ" እስከማለት ይደርሱ ነበር።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። መጀመሪያ የእጅ ባትሪ እንዳበራለት ጠራኝ፤ ቀጥሎ ካንዴላ አስጠረገኝ፤ ሳላውቀው እኔም ቅዳሜን በጉጉት የምጠብቅ ሆንኩ። "በዓይንሽ አትፈልጊው፣ ስሚው" ይለኝ ነበር፤ "የቱ ሲሊንደር እንደሚዘል ራሱ ይነግርሻል።" ሞተሩ በእጅ ማዞሪያው በማኖቬላ ተዙሮ የተነሳ ዕለት ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ፤ እማዬ ከወጥ ቤት እልል እያለች ወጣች። አባታችን መስኮቱን ዘጉ።

ነዳጅ ሲገኝ እሁድ እሁድ መንዳት ያስተምረኝ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ወንዙን ስሻገር ውሃው በወለሉ ቀዳዳ እግሬ ላይ ፈሰሰና ጮህኩ። እሱ "ነዳጅ ስጪው፣ አትፍሪ፣ ስጪው!" እያለ በሳቅ ፈረሰ። ምኞቱ ግን ፉሪ ጋራ ላይ መውጣት ነበር። አንድ ጊዜ ሞክረን ዳገቱ አጋማሽ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት እየዞሩ መሬቱን መቆፈር ጀመሩ። የፊት ጎማ የሚያስገባውን ቢጫ እጀታ ደጋግሞ ተጫነው፤ ምንም የለም።

"የፊቱ ሞቷል" አለ። "እሱ ከተሠራ እስከ ጫፉ ነው የምወስድሽ።"

በሳምንቱ ለፊት ጎማዎቹ ኃይል የሚያቀብለውን ክፍል አውርዶ ፈታታው። ጥርሱ ተበልቶ ያለቀ አንድ ማርሽ አገኘ። የቀሩትን በነጭ ጋዝ አጥቦ ጆንያ ላይ ዘረጋቸው።

ቀይ ሽብር የሚባለው ጊዜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ግቢያችን ገቡ። ከወንድሜ የሚታየው ከመኪናው ሥር የወጣው እግሩ ብቻ ነበር። አንደኛው ጫማውን መታ አደረገና "ውጣ!" አለው። ወጥቶ ቆመ። እጁን እንዲታጠብ ጠየቃቸው፤ አልፈቀዱለትም። አባታችን "ልጆቼ፣ አስተማሪ እኮ ነው፤ ምን አድርጎ ነው?" እያሉ እስከ በሩ ተከተሏቸው። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ፣

"ዝናብ እንዳይመታቸው ሸፍኛቸው፤ ዝገት ይገባቸዋል" አለኝ።

ከሰዓት የሚመለስ ነበር የመሰለው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ አንድ ያረጀ ሸራ አለበስኳቸው።

ከዚያ በኋላ ወደታሰረበት ስንቅ ማመላለስ ሆነ ሥራዬ። እማዬ ትሠራለች፣ እኔ ይዤ እሰለፋለሁ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ እማዬ ሳህኑን ከእጄ ተቀብላ ሳታጥበው ትስመው ነበር። አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑን እንደሞላ መለሰልኝ። ቀጥሎ የተጠቀለለ ልብስ በመስኮቱ አቀበለኝና "ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጪ" አለኝ። ቱታው ነበር። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ።

በዚያን ጊዜ በመንግሥት እጅ ለሞተ ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም። ጎረቤቶቻችን አንድ አንድ እያሉ ወንፊት የሚዋሱ፣ ጨው ያለቀባቸው መስለው መጡ፤ እማዬን አቅፈው ወጡ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር የምታለቅሰው። ጥቂት ቆይቶ ደረቷን ያማት፣ እህል አልዋጥላት ይል ጀመር። "እዚህ ቆሞብኛል" ትላለች ጉሮሮዋን እየያዘች። "ልጄን ሳልጮህለት።"

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባታችንን መኪናው አጠገብ አገኘኋቸው። ሸራውን ገልጠዋል። የወንድሜን ቱታ ለብሰዋል፤ ሰፍቷቸው እጅጌውን ጠቅልለውታል። የሚሸጡት መሰለኝ።

"ይሄ የት ነው የሚገባው?" አሉኝ አንዱን ብረት አንስተው።

"አባባ፣ ይተዉት።"

"ፉሪ ላይ ሰው አለ?"

"ከብት ጠባቂ ቢኖር ነው እንጂ።"

"እንግዲያው እናትሽ እዚያ ወጥታ ትጩህ። በእግሯ አትችልም። ንገሪኝ፣ የት ነው የሚገባው?"

የጎደለንን ማርሽ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ወንድሜ የሚያዘወትርበት ባለሱቅ ዕቃውን እየፈለገ "ወንድምሽስ? ጠፋ እኮ" አለኝ። ፊቴን አየ። ከዚያ ማርሹን ከጓዳ አውጥቶ በጨርቅ ጠቀለለና በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ሥራው ረጅም ጊዜ ወሰደብን። አባታችን ብሎን ወዴት እንደሚጠብቅ እንኳ አያውቁም ነበር። እኔም ከወንድሜ ያየሁትን በጭላንጭል ነበር የማስታውሰው፤ ገጥመን ፈታን፣ እንደገና ገጠምን። ካቻቢቴ እየሳታቸው እጃቸው ይቆስላል። አንዳንዴ መኪናው ሥር እንደተኙ ብዙ ይቆያሉ፤ የብሎን መፍቻ ድምፅ አይሰማም። ያኔ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ።

ወደ ፉሪ የተነሳን ዕለት ለቀበሌ ጠባቂዎቹ ለላማችን ጭድ ልንገዛ ነው አልናቸው። እኔ ነዳሁ። እማዬ መሃላችን ተቀምጣ መቀነቷን ጨብጣለች። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ቢጫውን እጀታ ተጫንኩት። ከወለሉ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መሪው እጄ ላይ ከበደ፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ነክሰው ጎተቱን። አባታችን "ያዘ?" አሉኝ። "ያዘ" አልኳቸው። ማንም አልተደሰተም።

ጫፉ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። እማዬ ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረች። የወንድሜን ስም ጠርታ ስትጮህ ከሣሩ ውስጥ ወፎች ተነሱ። ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች፤ ሕፃን ሆኖ ምን ይበላ እንደነበር፣ በመጀመሪያ ደመወዙ ምን እንደገዛላት፣ እጁን ሳይታጠብ እንደወሰዱት። አባታችን መኪናው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው፣ "የእጁ ቆሻሻ አሳፈረኝ፣ ልጄን በእጁ አፈርኩበት" እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኔ ማንን ልያዝ? ሁለቱም እስኪደክማቸው ድረስ መሬት ላይ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ።

ስንመለስ እማዬ መንገድ ላይ ውሃ ጠየቀች። ማታ ጥቂት እህል ቀመሰች።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። በሳምንቱ እንደ እማዬ ልጇን ያጣች አንዲት የሰፈራችን ሴት ከበራችን ቆማ "አንቺ ልጅ፣ ጭድ ልትገዙ ስትሄዱ እኔንም ውሰጂኝ" አለችኝ። ወሰድኳት። ከእሷም በኋላ ሌሎች መጡ። ነዳጁ ከየት ከየት እንደሚሰበሰብ እነሱ ያውቃሉ፤ በጠርሙስ በጠርሙስ ያመጡልኝ ነበር።

አባታችን ከዚያ ወዲያ ቱታውን አላወለቁም ማለት ይቻላል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ናቸው፤ ራዲያተር ያስበይዳሉ፣ ባሌስትራ ይቀባሉ፣ ሞተሩ ሲሠራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ክረምት ወንዙን ስንሻገር ውሃው በወለሉ ገብቶ ጫማቸውን ሞላውና በድንገት እንደ ልጅ ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ማዶ ስንደርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በቱታው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።