የጋሽ ሸምሱ መጋረጃ

ጋሽ ሸምሱ አረፉ ሲሉኝ «የትኛው ሸምሱ?» አልኩ። 18 ማዞሪያ ሌላ ጋሽ ሸምሱ እንደሌለ እያወቅኩ።

ጠዋት የልጄን የመክሊትን ዩኒፎርም እንዲያሳጥሩልኝ ይዤ ሄጄ ነበር። ልብስ ስፌት ቤታቸው ዝግ ነው። እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል ብዬ ፌስታሉን በሩ ላይ አንጠልጥዬ የታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። የሰማሁት እዚያው ሰልፉ ላይ ነው። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ፣ ሥራ ሄድኩ፣ ፈርሜ ተቀመጥኩ። እስካሁን አላለቀስኩም። ፌስታሉም እዚያው ተንጠልጥሏል።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ሸምሱ ጎረቤቴ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው በሁለት ታክሲ ወንዝ ዳር ወደተሠራው ፓርክ ይወስዱ ነበር። «የኛ ሰፈር ልጅ ውሃ የሚያውቀው በጀሪካን ነው፤ እስቲ ሲፈስም ይየው» ይላሉ።

ያን ሁሉ ልጅ ይዘው ግን አይቆጥሩም። ልጅ መቁጠር ጥሩ አይደለም ይባል የለ። አንድ አሮጌ ባለ አበባ መጋረጃ ቆራርጠው ለየልጁ አንዳንድ ቁራጭ ሰጥተዋል። ሲሄዱ በየልጁ እጅ ላይ ይታሰራል። ሊመለሱ ሲሉ ሣሩ ላይ እየገጣጠሙ ያነጥፉታል፤ አበባው ከሞላ ሁሉም አለ ማለት ነው። «ልጅ አይቆጠርም፤ ጨርቅ ግን ይገጠማል» ይላሉ ሁልጊዜ።

አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። ልንወጣ ስንል እኔ አላስችል ብሎኝ በጣቴ ቆጠርኩ።

«አንቺ፣ ልጅ ይቆጠራል እንዴ?» አሉኝ።

«ሙሉ ናቸው ጋሼ፣ ታክሲ ሳይጠፋ እንሂድ።»

እሳቸው ግን ተንበርክከው ጨርቁን መግጠም ጀመሩ። አበባው መሀሉ ላይ ጎደለ።

ከቆጠርኳቸው አንዷ ከልጆቹ ጋር ብስኩት ስትበላ የቆየች የማናውቃት ልጅ ነበረች። የጎደለችው መክሊት ናት። የገዛ ልጄ።

ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ብቻዋን ተቀምጣ ጋሽ ሸምሱ አገኟት። አጠገቧ ቁጭ አሉና «ይቀዘቅዛል?» አሏት። አልተቆጧትም። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ያውም እሳቸውን። ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጅ በጨርቅ ይጠበቃል?» አልኳቸው። ተሳስቼ የቆጠርኩት እኔ፣ ያገኟት እሳቸው፣ የተሰደቡትም እሳቸው።

ከዚያ ወዲህ መክሊትን ከለከልኳት። ቁራጯንም መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰላምታችን አልተቋረጠም፣ ልብስም ይሰፉልኝ ነበር፤ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም። ልጆቹ እንደሚነግሩኝ ግን በየቅዳሜው ጨርቁን የሚያነጥፉት የመክሊትን ቦታ ክፍት ትተው ነው። በሌላ ጨርቅ እንሙላው ሲሏቸው «ተዉት፣ ባለቤቷ ትመጣለች» ይሏቸዋል።

ይቅርታ ልጠይቅ ስንቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ስለ ዚፕ አውርቼ ተመልሻለሁ። የዛሬው ዩኒፎርምም ሰበብ ነበር። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።

ከሥራ አስፈቅጄ ስመለስ ወንዶቹ ለቀብር ወጥተዋል። ልጆቹ ድንኳኑ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ቁራጮቻቸውን ይገጥማሉ። ማንም አላዘዛቸውም። መክሊት ቤታችን ገብታ መሳቢያውን ስትከፍት ሰማሁ። ይዛው ወጣች፤ አልከለከልኳትም። መሀል ላይ አስቀመጠችው። አበባው ሞላ።

ጋሽ ሸምሱ፣ በድዬዎታለሁ። በቁምዎ ልነግርዎ የሚገባኝን ይኸው ሰው ሁሉ በሚያነብበት እጽፋለሁ፤ የሰደብኩዎትም ሰው ፊት ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ፈጣሪ ጀነትን ይስጥዎት።

ነገ ቅዳሜ ነው። ልጆቹን እኔ እወስዳቸዋለሁ። ደህና ይሁኑ ጋሼ፤ አልቆጥራቸውም።