ዘይነባ ከብስክሌት የወረደችበት ቀን

ልጅ እያለሁ በእኛ መንደር ብስክሌት ማለት ወፍጮ ቤት መሄጃ ነበር። አባቴ ከአሶሳ ገበያ የገዛው ያ ከባድ ጥቁር ብስክሌት ከኋላው የእህል ጆንያ፣ በጎኑ የውሃ ጄሪካን፣ አንዳንዴም እኔን ይሸከም ነበር። ፍሬኑ ሲያዝ የሚያሰማው ጩኸት የሰፈሩን ውሾች ሁሉ ያስነሳ ነበር። ዛሬም የብስክሌት ግራሶ ሲሸተኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የበሰለ ማንጎ አብሮ ይሸተኛል።

ታላቅ እህቴ ዘይነባ ግን በዚያ ብስክሌት ላይ ሌላ ነገር ታያት። እህል አስፈጭታ ስትመለስ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳትይዝ ትወርደው ጀመር፤ ቤት የምትደርሰው ዱቄት በዱቄት ሆና ነው። አንድ ቀን የስፖርት መምህሯ አይተዋት ኖሮ ለአገር አቋራጭ የብስክሌት ውድድር አስመዘገቧት፤ ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌትም አዋሷት። አባቴ ደስታውን መደበቅ አቃተው። እማ ግን ፊቷን አጠቆረች።

እማ የፈራችው መውደቋን አልነበረም። ብስክሌት ላይ የወጣ ሰው ሰላም ሳይል ነው የሚያልፈው፣ ሲለምደው ደግሞ ሰው መናቅ ይማራል ትል ነበር። በሰፈራ ከወሎ ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች፤ ቋንቋቸውን ሳታውቅ እጅ ዘርግተው የተቀበሏት የበርታ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከቋንቋቸው መጀመሪያ የያዘችውም ሰላምታቸውን ነው። ሰላምታ ለእማ ቀልድ አልነበረም። ስንለማመጣት ከረምን፤ በመጨረሻ ይሄን አንዱን ውድድር ትወዳደር፣ ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ለመምህሩ ይመለስ፣ ወሬውንም እንዳልሰማ ብላ ፈቀደች። ዘይነባ ካሸነፍኩ ልቧ ይራራልኛል ብላ ተስፋ አደረገች። እኔም ስግደት ላይ ሳይቀር የምለምነው ይሄንኑ ነበር።

የውድድሩ ቀን ግንቦት ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል፤ የረገፈው ማንጎ መንገዱን ሞልቶታል። በዚያው ንጋት ታዲያ ጎረቤታችን ሸህ ሐሚድ አረፉ። ማልደው ተቀብረው ድንኳኑ ከደጃቸው ተተከለ፤ ደጃቸው ደግሞ ውድድሩ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የመንገዱ ምልክት የሆነው ሪባን በቀርከሃ አጥራቸው ላይ እንደታሰረ ቀረ፤ እሱን ለመፍታት ያሰበ ሰው አልነበረም። እማ ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። አባቴ ውድድሩ የሚያልቅበት ሜዳ ላይ ሊጠብቅ ሄደ። እኔ ድንኳኑ ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ሆኖ ዳገቱም ድንኳኑም ይታያል።

ከዳገቱ ቀድማ ብቅ ያለችው የኛዋ ዘይነባ ነበረች። ከዓይኗ በቀር ጭቃ ያልነካት ቦታ የለም። ከኋላዋ ቢጫ ቲሸርት የለበሰች የባምባሲ ልጅ ትከተላታለች፤ ግን ርቃለች። ማንጎ አፌን ሞልቶት መጮኽ አቃተኝ። በቃ አሸነፍን ስል፣ ዘይነባ ድንኳኑ ጋ ስትደርስ ፍሬን ይዛ ወረደች።

ካቴናው የወለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሻሿን አስተካከለች፣ አንገቷን ደፋች፣ ብስክሌቱን እየገፋች በእግሯ ትሄድ ጀመር። የባምባሲዋ ልጅ ደርሳባት ግራ ተጋብታ አየቻት፤ ቀጥላም ድንኳኑን አየች። እሷም ወረደች። ሁለቱ ልጆች ተከታትለው በለቀስተኛው ፊት አለፉ። ወሬው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚሰማው የጎማቸው ቀጭ ቀጭ ብቻ ነበር።

የሟቹ ወንድም ሸህ ኢብራሂም ከሰሌኑ ላይ ተነሱ። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው ስላልሆነ እኛን ሴቶቹንም ወንዶቹንም «አንተ» ነበር የሚሉን፤ ለምደነዋል።

«አየን ልጄ፤ አላህ ይስጥህ» አሏት። «አሁን ውጣ፣ ሂድ።»

ሁለቱም ብስክሌታቸው ላይ እኩል ወጡ። ሜዳው ላይ ግን ዘይነባን ጉልበቷ ከዳት፤ የባምባሲዋ ቀደመቻት። ዘይነባ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ብሼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለመሸነፏ ብቻ አይደለም፤ ብስክሌቱ ሊመለስ ነው ብዬ ነው።

አመሻሹ ላይ እማ ከለቅሶ ቤት መጣች። በባልዲ ውሃ ቀዳች፣ ቁጢጥ ብላ የብስክሌቱን ጭቃ በጨርቅ ታጥብ ጀመር። ዘይነባ ጨርቁን ልትቀበላት ብትል እጇን መለሰችው።

«ለመምህርሽ ንገሪልኝ» አለቻት ቀና ሳትል። «ብስክሌቱን ገና አንመልስም።»

እማን እንደዚያች ምሽት ወድጃት አላውቅም።

አሁን ያ መንገድ አስፋልት ሆኗል። ባጃጁ ዘፈኑን ለቆ ያልፋል። እኔም ለሥራዬ ባምባሲ ድረስ ሞተር እነዳለሁ፤ ሰላምታዬም ጡሩምባ ሆኖ ቀርቷል። እማ እንደፈራችው ሆንኩላት ማለት ነው እያልኩ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

እማ አምና አረፈች። ድንኳኑን ከደጃችን ተክለን እኔና ዘይነባ በሩ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ ከዚያው ዳገት ላይ ብስክሌተኞች ብቅ አሉ። ልምምድ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ሄልሜት ያደረጉ፣ የማናውቃቸው፣ የማያውቁን። ሽው ብለው ሲያልፉ ላለማየት አንገቴን ደፋሁ።

ያ የጎማ ቀጭ ቀጭ ተሰማኝ። ቀና ስል ሁሉም ወርደዋል፤ ብስክሌታቸውን እየገፉ፣ ተራ በተራ፣ በእማ ደጅ ያልፋሉ።

ዘይነባ ከአጠገቤ ተነሳች።

«አየን ልጆቼ» አለቻቸው። «አሁን ውጡ፣ ሂዱ።»