ለመጋዘን ቦታ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የሽንኩርት ነቀላ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰው ሁሉ «አንተ እኮ ድርድር ላይ ጎበዝ ነህ» እያለ ስለሚያመሰግነኝ ልረሳው አልቻልኩም። እውነቱን የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ሌሎቹም አይናገሩም።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ትንሽ ስታርትአፕ አለን። የገበሬውን ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኝ መጋዘን አቆይተን ዋጋ ሲሻሻል መሸጥ ነው ሥራችን። በቆላ ሙቀት ሽንኩርት ሜዳ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ ማየት ያማል፤ እኔ የእናቴ ሲበሰብስ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ። የተመረጥኩት ሌሎቹ ስላልፈለጉት ነው።

ቆርቆሮና እንጨት የሰጠን ድርጅት፣ ነቀላው ከመድረሱ በፊት መጋዘኑን ካላቆማችሁ ዕቃውን ለሌላ ማኅበር እናዞረዋለን ብሎን ነበር። የሚሆነን ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ቀወት ገጠር ውስጥ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከቦዩ ከፍ ያለ፣ ድንጋያማና ነፋስ የሚመታው። ባለቤቱ ጋሼ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። እንዲያከራዩኝ ሁለት ጊዜ ሄጄ ለመንኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ «እስቲ ይታሰብበታል» ብለው ሸንኮራ ሰጥተው ሸኙኝ። ሸንኮራው ጥሩ ነበር።

የአመራር ሥልጠና ወስጃለሁ። አሠልጣኙ «መሪ ማለት ፈጥኖ የሚወስን ነው» ብሎናል። ስለዚህ ፈጥኜ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ ጋሼ ተፈራ ባለሱቅ ናቸው፤ በአካባቢያችን እሳቸው ሳይሸመግሉለት የተጋባ ሰው ጥቂት ነው።

«ጥፋትህ ብቻህን መሄድህ ነው። ትልቅ ነገር በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው» አሉኝ።

ሁለት ሽማግሌ ጨመሩና እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተነሱ። «ባለጉዳይ አብሮ አይሄድም፣ አንተ ቅር» አሉኝ። እኔ ግን መሪ ከቡድኑ አይለይም ብዬ ተከተልኳቸው።

ጋሼ ደምሴ ደጅ ላይ ተቀበሏቸው። እኔ ከአጥሩ አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ፤ ንግግሩ ይሰማኛል።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አጎቴ።

የጋሼ ደምሴ ፊት ተለወጠ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ አሉ፣ ሽማግሌዎቹን አዩና ተመልሰው ገቡ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው የለመዱትን ጀመሩ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ አይጠጣም፣ ጾሙን ያከብራል፣ ከቤታችሁ ጋር መዛመድ ፈልጎ ነው የላከን አሉ። መጋዘን የሚባል ነገር ገና አልተነሳም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉ ሰው ስለሆኑ እኔም አልቸኮልኩም።

«እስቲ ዘሩን ቁጠሩልኝ» አሉ ጋሼ ደምሴ።

አጎቴ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ደስ አለኝ። የሥራ አጋርን ማንነት ማጣራት ተገቢ መሆኑን ሥልጠናው ላይ ተምረናል። ጋሼ ደምሴም በበኩላቸው ቆጠሩ፤ የትም ቦታ አንገናኝም። ይህን ሲያዩ ጭራሽ ከፋቸው። ባለመዛመዳችን ለምን እንደከፋቸው አልገባኝም።

ወደ ጓዳ ገብተው ከባለቤታቸው ጋር ተንሾካሾኩ። ቆዩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ቆርቆሯችን ለሌላ ማኅበር ሲጫን ይታየኛል። በመጨረሻ ወጡ።

«አባቶቼ፣ በክብር መጥታችኋል። ልጁም መልካም ልጅ ነው። ግን ትዕግሥት ገና ልጅ ናት። ትምህርቷንም አልጠገበችም።»

ትዕግሥት የሚሏት ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ልጃቸው ናት፤ ደብረ ሲና አስተማሪ ከሆነች ዓመታት አልፈዋል።

አጎቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔም ያኔ ገባኝ። ከማንጎው ሥር ብድግ ብዬ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ለመሬቷ ነው! ለዚያች ድንጋያማ ቦታ! መጋዘን ልሠራባት!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ ደምሴ ወደ ማንጎው ዞሩ።

«ለመሬቷ ብቻ?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ለመሬቷ ብቻ።»

«ሌላ የምትፈልገው ነገር የለም?»

«የለም።»

እንደዚያ ሸክም የቀለለለት ሰው አይቼ አላውቅም። «ታዲያ ይሄን ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት! ውሰዳት!» አሉ። ሁለት ጊዜ ነግሬያቸው እንደነበር ማስታወስ አልፈለግሁም። እትዬ አስካለ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ምሳ ቀረበ፣ ጋሼ ደምሴ በእጃቸው አጎረሱኝ። በሳምንቱ የኪራይ ውል ተፈራረምን፤ መጋዘኑም ነቀላው ሳይደርስ ቆመ።

ስንመለስ አጎቴን መጋዘኑን ሳያነሱ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «አንዴ ዘር ቆጠራ ከተገባ ማቋረጥ ነውር ነው» አሉኝ።

አሠልጣኛችን አንድ ትልቅ ነገር ጠይቄ ተከልክዬ፣ ከዚያ ቦታውን እንዳገኘሁ ብቻ ሰማ። በሚቀጥለው ሥልጠና ሰሌዳው ላይ «መጀመሪያ ትልቁን ጠይቅ፤ ሲከለክሉህ ትንሹን» ብሎ ጻፈና እኔን ምሳሌ አድርጎ አስተማረ። ሰው ሁሉ ማስታወሻ ያዘ። እኔም ያዝኩ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ትዕግሥት ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታ መጋዘኑን ልታይ ገባች። ሽንኩርቱን እያገላበጠች ስለ ሥራው ብዙ ጠየቀችኝ። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «ሳታየኝ ያስጠየቅከኝ ሰውዬ አንተ ነህ?» አለችና ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወድጃታለሁ።

ጋሼ ደምሴ ከእርሻ ሲመለሱ መጋዘኑ ጥላ ሥር አብረውኝ አረፍ ይላሉ። «አንተ ልጅ ብልህ ነህ፤ ቤት ትመራለህ» ይሉኛል። ሌላ ነገር ይጨምሩ ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። አይጨምሩም። አጎቴ ጋቢያቸውን አሳጥበው ተዘጋጅተዋል፤ የቀረው የእኔ ውሳኔ ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ያን ጊዜ እምቢ ሲሉኝ ቀጥዬ የምጠይቃቸው አነስ ያለ ነገር ነበረኝ። አሁን የለኝም።