ድንጋይ በጃፓንኛ

የያዙኝ ካዛንቺስ፣ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ስለ ሰፈራችን መፍረስ ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ነበር። «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉኝ። ምሳዬን እንደያዝኩ ሄድኩ።

የታሰርኩበት ክፍል በረኪና ይሸታል። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። አጠገቤ የሚተኙት ጎልማሳ አስጎብኚ ነበሩ፤ የጃፓን እንግዶችን ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወስዱ የኖሩ ሰው።

«ጃፓንኛ ላስተምርህ?» አሉኝ።

«ምን ያደርግልኛል ጋሼ?»

«ምንም። ዝም ብለን ከምንፋጠጥ ብዬ ነው።»

ከሚያውቁት ጀመሩ። ያማ ተራራ ነው፤ ካዋ ወንዝ፤ ሶራ ሰማይ። አፈር ላይ ስደርስ ምላሴ እንቢ አለ። «ጹቺ» አልኩ።

«‹ጸ›ን እርሳት። ላላ አድርገህ፣ ትሱቺ።»

«ድንጋይስ?»

«ኢሺ።»

«እሺ?»

«አዎ፣ የኛኑ እሺ ይመስላል።»

በማግስቱ ጠባቂው ክፍሉን ጥረጉ ሲለን እስረኛው ሁሉ «እሺ» አለ። እኛ ሁለታችን ሳቅን። ጠባቂው ለምን እንደሳቅን አልጠየቀም፤ ሄዶ ተናገረ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ እየጠጣ ነበር።

«በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?»

«በጃፓንኛ።»

«ማለቴ፣ ምን እያላችሁ?»

«ተራራ። ወንዝ። አፈር።»

ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ቃላቱ የምስጢር መልእክት ናቸው፣ ያስተማሩኝም አስጎብኚው ናቸው ይላል። «ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ» አለኝ።

እናቴ በር በሩን እያየች እንደሆነ አውቃለሁ። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት።

«ያማ ተራራ ነው» አልኩት። «ሌላ ትርጉም የለውም። ከፈለግህ አስተምርሃለሁ።»

በጥፊ መታኝ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ሰውዬው ፊቴን አይተው ብርድ ልብሳቸውን አካፈሉኝ። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ጠዋት እሳቸውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። እኔ ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። እሳቸውም ኋላ ተፈትተው ወደ ትውልድ አገራቸው እንደገቡ ሰማሁ።

ባለፈው ወር ደምበል አካባቢ አንዲት ጃፓናዊት መንገድ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ አሳየኋት። በራሷ ቋንቋ ደህና ዋልሽ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ከጋሼ ጋር ግን ሰላምታ ላይ ገና አልደረስንም ነበር።