የጾሙ ብራና

ይርጋነሽ ፋንታ ሞጣ ላይ ጎረቤቴ ናት። የእኔን በርበሬ ቤትና የእሷን ልብስ ስፌት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ የእሷ ሲንጀር ሲንቀጠቀጥ የእኔ ሚዛን አብሮ ይንቀጠቀጣል። እሷ ዝምተኛ ናት። እኔ ባንቺ የሚሉኝ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ታሪኳን እኔው ላውራላት።

የተወለደችው ቢቸና አጠገብ ካለች አንዲት የገጠር ደብር ሥር ነው። አባቷ አባ ፋንታ ብራና ፋቂ ነበሩ። የፍየል ቆዳ እንጨት ላይ ወጥረው፣ ፍቀው፣ አለስልሰው ለመጽሐፍ የሚሆን ገጽ ያወጣሉ። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ደብሯ አዲስ ወንጌል ታስጽፍ ነበር፤ ለፋሲካ መድረስ አለበት ተብሎ ሁሉም ተጣድፏል። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አባ ፋንታ ለመጨረሻዎቹ ገጾች ያስቀመጡትን ቆዳ ቢያወጡት ብል በልቶታል። ጸሐፊው ብራና አጥቶ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጾሙ ሳይጋመስ ግን አባ ፋንታ ንጹሕ ብራና ይዘው መጡ፤ ወንጌሉም ለፋሲካ ደረሰ።

ሰው ጣቱን ያነሣው እንግዲህ ይሄኔ ነው። በጾም ማን ፍየል ያርዳል? ማንም! ታዲያ ቆዳው ከየት መጣ? በዚያው ጾም ደግሞ የደብሩ በቅሎ ሞታ ገደል ተጥላ ነበር። በቃ፣ ሥራ ፈት ሁሉ ይህን ከዚያ አገናኘና «ፋንታ በበቅሎ ቆዳ ወንጌል አጻፈ» ብሎ አረፈው። ካህናቱ ሲጠይቋቸው «የፍየል ነው» አሉ። «የማን ፍየል?» ሲባሉ መልስ የለም። ወንጌሉ ከመቅደስ ወጥቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ገባ።

ይርጋነሽን ልጆቹ «ወንጌላችሁ ዛሬም አናፋ?» እያሉ ያስለቅሷት ነበር። ኋላም ሽማግሌ የላከባት ቤት ወሬውን ሰማና ነገሩን አፈረሰው። ጓዟን ጠቅልላ ሞጣ የገባችው ያኔ ነው። አቤት የሰው ምላስ!

እሷም ብትሆን በአባቷ ላይ የራሷ ቂም ነበራት። የክርስትና እናቷ ያበረከተችላት አንዲት ዳለቻ ፍየል ነበረቻት፤ ዳለቻዋም ሁለት ሴቶች ወልዳላታለች። ስትጠራት ከመንጋው ተለይታ ትመጣለች፤ አንገቷን ካላሸችላት አትሄድም። በልጅነቷ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋጣው ባዶ ሆኖ ጠበቃት። አባቷ «መርጡለ ማርያም ዘመድ ዘንድ ለርቢ ብልካቸው ነብር ፈጃቸው» አሏት። ሳይጠይቁኝ ብላ አኮረፈች። ሌላ ግልገል ገዝተው ቢያመጡላት ዞራም አላየችው። አባ ፋንታ ሲሞቱም ኩርፊያው ልቧ ውስጥ ነበር። «የአባቴን ስም ማንም አያነሣብኝም፤ የፍየሎቼን ነገር ግን እኔው አልረሳውም» ትለኝ ነበር።

በ2009 ወይንእሸት የምትባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ሞጣ መጣች። ሥራዋ ከድሮ አጥንትና ከብራና ላይ ዲኤንኤ ማውጣት ነው፤ እንስሳው ምን እንደነበረ፣ ዘሩ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ከዚያ ይታወቃል አሉ። ብራናውን አትቆርጥም፤ በላጲስ ቀስ አድርጋ ታሽና የላጲሱን ፍርፋሪ በትንሽ ብልቃጥ ትወስዳለች። ይርጋነሽ ይህን ስትሰማ የሰው ቀሚስ ሲንጀሯ ላይ እንደተወች «የአባቴን ወንጌል ላስመርምር» ብላ ተነሣች።

«ተይ እንጂ!» አልኳት። «በቅሎ ሆኖ ቢገኝስ? ዛሬ ሐሜት ነው፤ ነገ ግን ማስረጃ ይሆንብሻል።»

«ባንቺ፣ ይለይለት» አለች። «ከሆነም ከነነውሩ አባቴ ነው።»

እኔም ብቻዋን አላስሄዳትም ብዬ ወደ ትውልድ ደብሯ አብሬ ተሳፈርኩ። የደብሩ ገበዝ ቄስ አምላኩ መጀመሪያ እሺ አላሉም።

«ልጄ፣ በቅሎ ከሆነ በዚህ ወንጌል አንድ ፋሲካ ሕዝቡን አሳልመንበታል። ምን ብዬ ለሰው እነግራለሁ?»

«ፍየል ከሆነስ፣ አባ?» አለቻቸው። «ለአባቴ ምን ብለው ይነግሩልኛል?»

ቄሱ ተነሥተው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አመጡ።

ከወራት በኋላ ወይንእሸት ራሷ ተመለሰች። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዐጸዱ ላይ ተቀምጦ እያለ ተነሥታ «የመረመርኳቸው ገጾች በሙሉ የፍየል ናቸው፤ በቅሎ የሚባል ነገር የለባቸውም» አለች። እልል ተባለ! እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ አቀለጥኩት። ቄስ አምላኩ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ይርጋነሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች።

ወይንእሸት ግን ገና አልጨረሰችም። «አንድ ነገር ገርሞኛል» አለች። «የመጨረሻዎቹ ገጾች የሦስት ፍየሎች ናቸው። ዝምድናቸውን ሳየው አንዷ እናት፣ ሁለቱ የእሷ ሴት ልጆች ሆነው አገኘኋቸው። ከአንድ ቤት የወጡ ይመስለኛል። ማን እንደሰጠ የምታውቁ አላችሁ?»

ይርጋነሽ እጇ ከደረቷ ወረደ።

«ዳለቻዬ ናት» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ባንቺ፣ ዳለቻዬ እኮ ናት!»

ለካ ነብርም የለ፣ መርጡለ ማርያምም የለ። ሰውዬው በጾም፣ ሰው በሌለበት የልጃቸውን ፍየሎች አርደው፣ ሥጋውን ቀብረው፣ ቆዳውን ፍቀውታል። «የማን ፍየል?» ሲባሉ ዝም ያሉት ቢናገሩ እሷ ትሰማለች ብለው ነው። ልጃቸው ከምታዝንባቸው በቅሎ ፋቂ መባሉን መረጡ። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ፤ ሌላ የሚገባው ካለ ይንገረኝ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ወንጌሉ ከዕቃ ቤት ወጣ። ሕዝቡ እየተሳለመ አለፈ። የይርጋነሽ ተራ ሲደርስ ቄስ አምላኩን የመጨረሻውን ገጽ እንዲከፍቱላት ለመነቻቸው። አልተከለከለችም። አልሳመችውም። ጠርዙን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና ግንባሯን አስደገፈችበት። ከኋላ የቆመው ሰው ቢገፋም ቄሱ አላስነሷትም።

«አባዬ» አለች፣ «ምናለ ብትነግረኝ? እሰጥህ ነበር እኮ።»